ደብተሩን ሳይሆን መዝገቡን (ስለ ገጠር መሬት ሰነድ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት የተለያየ ሰው ተላከልኝ፣ ሦስቱም «ይሄ ያንተ ሥራ አይደል፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩት። ጽሑፉ አዲስ አበባ ለሚኖር ግን ቤተሰቡ ገጠር መሬት ላለው ሰው የተጻፈ ምክር ነው፣ ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ የገጠር መሬት ሰነድ ማጣራትና ማስመዝገብ ሰው እንደሚያጋንነው ከባድ አይደለም፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ እጅህ ላይ ካለ መሬቱ ያንተ ነው፣ መረጃው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ስም ሰጥተህ በስልክ ማስፈለግ ይበቃል፣ ውሉን ውልና ማስረጃ ሄደህ ካስመዘገብክ አለቀ፣ የሚስት ፊርማ ለወጉ ነው፣ አባትህ ካረፉ የወራሽነት ወረቀት አውጥተህ ስም ታዞራለህ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ መጠየቅ ደግሞ የድሮ ሰው ጣጣ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ጉዳይ ተከታታይ ነኝ፣ ማለትም ውክልና ይዤ ሰው የሰለቸውን ወረፋ የምሰለፍ ሰው። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፣ ቢሮ ከተባለ፣ ከፎቶኮፒ ቤት በላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ጠዋት ክፍለ ከተማ ወይ ልደታ ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት እዚያችው ጠረጴዛ ጋ፣ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ መንገዱ ሲፈቅድ ሰሜን ሸዋ። 14 ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ክፉ ሰውም አይመስልም፣ ግን ምክሩን አምኖ የሚነሳ ሰው ብሩንም ወንድሙንም ሊያጣ ስለሚችል ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ «ደብተሩ እጅህ ላይ ካለ መሬቱ ያንተ ነው» የምትለዋን እንያት፣ ሌላው ስህተት ሁሉ ከሷ ነው የሚመዘዘው።

አረንጓዴ ደብተር የምንለው ነገር ከየት መጣ? አማራ ክልል ውስጥ ምዝገባው የተጀመረው በ1995 ነው። ገበሬው የመረጠው የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ በገመድ እየለካ፣ የባሏን ስም የሚስቱን ስም፣ በምሥራቅ ማን ያዋስነዋል በምዕራብ ማን እያለ ጻፈ፣ ያ የተጻፈው ወረዳው መዝገብ ላይ ገባ፣ ደብተሩ ደግሞ ከመዝገቡ ተገልብጦ ለገበሬው ተሰጠ። ስለዚህ ደብተሩ ቅጂ ነው። ቢጠፋ፣ ቢቃጠል፣ አይጥ ቢበላው ከመዝገቡ ሌላ ይወጣል። መዝገቡ ላይ የሌለ ደብተር ግን ምን ማኅተም ቢያርፍበት ከልጅ ደብተር አይሻልም።

አንድ የካዛንቺስ ልጅ ነበር፣ ሰፈሩ በ2017 ከመፍረሱ በፊት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ የነበረ። እናትና አባቱ አርፈዋል፣ መሬቱን ማን እንደያዘው ለማጣራት አብረን ሄድን። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከቤቱ ወጣ፣ ከሣጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጣና «ደብተሩ እኔ ጋ አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ትላላችሁ?» አለን። ልክ እንደ ጽሑፉ! ነገሩ ሲጣራ የልጁ አባት ለታላቅ እህቱ ሠርግ 15 ሺህ ብር ተበድረው ማሳውን ወለድ አገድ ሰጥተው ነበር። ለማያውቅ፣ ወለድ አገድ ማለት ብሩ እስኪመለስ አበዳሪው ማሳውን እያረሰ ይበላል፣ ምርቱ ወለዱ ነው፣ ብሩ ሲመለስ ማሳው ይመለሳል። አበዳሪው ለዋስትና ደብተሩንም ወስዷል። እኔ «እስቲ ይገለጥ» አልኩት፣ ገለጠው፣ እዚያ የልጁ አባትና እናት ጎን ለጎን ተለጥፈው ቁጭ ብለዋል፣ ክልሉ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስትን ፎቶ አንድ ላይ ስለሚለጥፍ። ልጁ እናቱን በዚያ ዕድሜያቸው አይቷቸው አያውቅም መሰለኝ ደብተሩን ተቀብሎ ብዙ ዝም አለ። ሰውዬውም ዝም አለ። መጨረሻ ላይ ነገሩ በሽማግሌ ብሩ ተመልሶ አለቀ፣ ግን ይሄ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ደብተሩ እጁ ላይ ስለሌለ መሬቱም የለም ብሎ ይቀር ነበር።

«ይሄ ገጠር ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ፣ እዚህም ያው ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሰው አልጋ ሥር ገብቶ ሣጥን እየገለበጠ ካርታ (የቤቱን የይዞታ ማረጋገጫ) ሲፈልግ አይቻለሁ፣ አንዳንዱ ያገኘው ካርታ ከዓመታት በፊት የመከነ፣ ማለትም የተሰረዘ ነው። መሥሪያ ቤቱ ካርታ ሲያመክን ማህደሩ ውስጥ ነው የሚያመክነው፣ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ወረቀቱን አይቀድም፣ ስለዚህ የመከነ ካርታ ከተማ ውስጥ እንደ ደህና ካርታ ይዞራል፣ ደላላም ይዞት ይዞራል። ሕጉም ቢሆን ካርታን እንዳበቃ ነገር አይቆጥረውም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 የአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው ባለሀብት ነው ተብሎ *ይገመታል* ነው የሚለው፣ ቀጥሎ ያለው 1196 ደግሞ ያ ግምት እንዴት እንደሚፈርስ ይዘረዝራል፣ ለምሳሌ ማስረጃው የተሰጠው ሥልጣን በሌለው ክፍል ከሆነ ወይም መሠረቱ ዋጋ የሌለው ተግባር ከሆነ። ግምት ነው ወንድሜ። ጠንካራ ግምት ነው፣ ግን ግምት።

ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል፣ ስለዚህ ግማሹን ልስጠው። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ አልነበረውም፣ «በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ እገሌ» ነው፣ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ የሚባለው መጣ፣ ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ ገበሬው ራሱ ድንበሩን እያሳየ የተሠመረ፣ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ቁጥርና ቅርፅ ያለው። በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተሠራው ሊፍት የሚባለው ፕሮግራም ብቻውን አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ላይ 14 ሚሊዮን ማሳ ነበር ዒላማው። ያን መረጃ የሚይዝ ኤንአርላይስ የሚባል ሲስተምም አለ፣ በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራ። ይሄ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም።

ግን ሲስተም የሚያውቀው የነገሩትን ነው። ያኔ ድንበሩ ሲሠመር ማሳው ማን ላይ እንደነበረ ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ አባት ሞቶ ልጆች በቃል ተካፍለው ከሆነ፣ ባልና ሚስት ተፋትተው ከሆነ፣ ማሳው ተለዋውጦ ከሆነ፣ ማንም ሄዶ ካላስመዘገበ ሲስተሙ አሁንም የድሮውን ነው የሚያሳይህ፣ ያውም በሚያምር ካርታ። የተሳሳተ ነገር በሚያምር ካርታ ሲመጣ ደግሞ በእርሳስ ከተጻፈው የበለጠ ሰው ያምነዋል፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

«ስም ሰጥተህ በስልክ አስፈልግ» የሚለው ግን አሳቀኝ። ጸሐፊው አንዴም ቢሆን በስም ፈልጎ አያውቅም ማለት ነው። ኃይሉ የሚለውን ስም ብቻውን ውሰዱት፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ፣ ኀይሉ፣ ስድስት ነው። ፀሐይ የሚለውን ደግሞ በጸ እና በፀ፣ መሐሉን በስድስቱ ሀ ብታባዙት 12 ይመጣል። ስለዚህ ወይዘሮ ፀሐይ ኃይሉ የሚባሉ ሴትዮ መዝገብ ላይ በ72 ዓይነት ሊጻፉ ይችላሉ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ 72ቱን 72 ሰው ነው የሚያደርጋቸው። ይሄ የመዝገቡ ጸሐፊ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚሆነው፣ ሁሉም ትክክል ይነበባልና። ወልደ ሥላሴ ሲመጣማ ተዉት፣ አንዱ ወ/ሥላሴ ይለዋል፣ ሌላው ወልደስላሴ ብሎ ያጣብቀዋል፣ ሦስተኛው ወልዴ ብሎ ይገላገላል። ሰውየው ሰፈር ውስጥ የሚታወቁት በቅጽል ስም ሆኖ የኮሚቴው ጸሐፊ ያንኑ ጽፎትም አጋጥሞኛል። ደግሞ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የልጁ መታወቂያ ላይ ያለው አባቱ ነው፣ መዝገቡ ላይ ያለው የአባቱ አባት ሊሆን ይችላል፣ ታዲያ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የራሱን ሙሉ ስም ለወረዳው በስልክ የሚናገር ሰው የሚያገኘው መልስ «የለም» ነው፣ እሱም «የለም ተባልኩ» ብሎ ይተኛል፣ ወይም «ሲስተም የለም ነገ ደውል» ይባላል።

እኔ እንዴት ነው የምፈልገው፦ መጀመሪያ ቀበሌውንና ጎጡን፣ ከዚያ የማሳውን የሰፈር ስም (ማሳ ሁሉ ስም አለው፣ «ወይራ ሥር»፣ «ላይ እርሻ» ምናምን)፣ ከዚያ የባለቤቱን ሳይሆን የጎረቤቱን ስም። የአዋሳኙን ገጽ ካገኘሁ በአዋሳኙ በኩል የኛውን ሰው ማን ብለው እንደጻፉት አያለሁ። ከዚያ የሚስትየውን ስም። የሚስት ስም ብዙ ጊዜ ያድናል፣ ባልየው በቅጽል ስም ቢጻፍ እንኳ እሷ በሙሉ ስሟ ትኖራለች። የማሳ መለያ ቁጥሩ በእጄ ከገባ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የምሄደው፣ ቁጥር ላይ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ የለም።

ሦስተኛ፣ ውልና ማስረጃ። «ካስመዘገብክ አለቀ» ይላል። ይሄን ስህተት የተማረ ሰውም ይሠራዋል፣ ጥፋቱ የቋንቋችንም ነው፣ ምክንያቱም ሁለት የተለያየ ነገርን «ምዝገባ» በሚል አንድ ቃል ነው የምንጠራው። አንዱ ውል መመዝገብ ነው፣ ሌላው መብት መመዝገብ ነው።

ውልና ማስረጃ ውልህን ነው የሚመዘግበው። ፈራሚው ማን እንደሆነ፣ ወዶ መፈረሙን፣ የአዲስ አበባ ቤት ከሆነ ደግሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሚመጣው ማስረጃ ቤቱ የሻጩ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያያል፣ የ2008ቱ አዋጅ 922 ይሄን ያስገድደዋል። ከዚያ ማኅተም መትቶ ያስወጣሃል። የመሬቱ መዝገብ ግን እሱ ጋ አይደለም። ከዚያ ወጥተህ ክፍለ ከተማ ሄደህ የቴምብር ቀረጡን 2 በመቶ ከፍለህ ስሙ መዝገቡ ላይ እስኪዞር ድረስ በመሐል ያለው ጊዜ ባዶ ሜዳ ነው። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ የሻጩ አበዳሪ እገዳ ይዞ ሲመጣ፣ ሻጩ ሲሞት፣ የሻጩ ወንድም ክስ ሲከፍት አይቻለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2878 እኮ ግልፅ ነው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ንብረቱ ባለበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ ሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ሥራዬን የሚያስወድደኝ ይሄ ነው። ያ ሕግ ሲወጣ ከቁጥር 1553 ጀምሮ ወደ መቶ የሚጠጋ አንቀጽ ሙሉ ስለዚህ መዝገብ ይናገራል፣ ገጹ እንዴት ይሁን፣ ማን ይጻፍ፣ ማን ያንብብ፣ ሁሉም ነገር አለ። ከዚያ ሕጉ ሊያልቅ ሲል 3363 ላይ «ይሄ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ቀን እስኪወሰንለት አይሠራም» ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ 1967 መጣ፣ የገጠሩ መሬት በአዋጅ 31፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47 የመንግሥት ሆነ፣ የግል መሬት መዝገብ የሚባለው ነገር ሳይከፈት ባለቤቱ ተለወጠ። ከተማ ላይ ይዞታን በሥርዓት እያረጋገጡ በካዳስተር (እያንዳንዱን ቦታ ከነካርታው በሚይዝ መዝገብ) ለመመዝገብ የወጣው አዋጅ 818 የ2006 ነው። በመሐል ሰው የነበረው ማዘጋጃ ቤት ማህደርና ውል ብቻ ነው፣ ውሉን የሙጥኝ ያልነው ለዚህ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 በመዝገብ ቁጥር 21448 የቤት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም ሲል (በኋላ ሻጩ ሽያጩን ካልካደ በሚል ላላ ብሏል) ሰው ሁሉ ወደ ውልና ማስረጃ ሮጠ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እዚያው ቆመ።

የሚገርመው ድሮ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ነገር አለ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በየደብሩ ወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ከነምስክሮቹ፣ ከነዳኛው። ገዢው ወረቀት ይዞ ቤቱ አይሄድም። ጠብ ሲነሳ ወንጌሉ ይወጣና ይነበባል። ውሉና መዝገቡ አንድ ገጽ ላይ ነበሩ ማለት ነው፣ እኛ ነን የለያየናቸው።

ገጠር ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ የገጠር መሬት ኪራይም በለው ስጦታ የሚጻፈው መሬቱ ባለበት ወረዳ መሬት አስተዳደር ነው። አራት ኪሎ ወይ ፒያሳ የተፈረመ ወረቀት ወረዳው መዝገብ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ወረዳው ስለሱ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ደንበኛዬ ማኅተም የሞላበት ባለ አራት ገጽ ውል ይዞ ሄዶ የወረዳው ልጅ በትህትና «ጋሼ፣ ይሄን እኛ ጋ አላመጡትም እኮ» ያለውን መቼም አልረሳውም። በዚያ መሐል መሬቱ በሕጋዊ መንገድ ለሌላ ሰው ተከራይቶ፣ ተመዝግቦ፣ ጤፉ ደርሶ ነበር።

ጽሑፉ መሐል ላይ «ገዝተህ ስም አዙር» የምትል ሐረግ ጣል አድርጎ ያልፋል። የቱን ነው የምትገዛው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ 3 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ሰበርም የመሬት ሽያጭ ውል ፈራሽ ነው ሲል ደጋግሞ ወስኗል። ሰበታና ለገጣፎ አካባቢ የገበሬ መሬት የገዛ ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል። «በስጦታ እናድርገው» የሚለው የደላላ ብልሃትም እኔ ጋ እንዳይመጣ፣ የማያውቅህ ገበሬ ግማሽ ሄክታር በፍቅር ሰጠኝ ብለህ ዳኛ ፊት ስትቆም አስበው።

የሚስት ፊርማ። «ለወጉ ነው» ይላል፣ እሺ። ከተማ ውስጥ እንጀምር፣ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ለማከራየትም ለማስያዝም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፣ ሳይስማሙ ከተደረገ 69 ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ውስጥ ማስፈረስ ይችላል ይላል። ይሄ ወግ ከሆነ ወጉ ውድ ነው። ገጠር ላይ ግን ከዚህም ያለፈ ነው፣ እዚያ እሷ ፈቃጅ አይደለችም፣ ባለይዞታ ናት። ስሟ መዝገቡ ላይ፣ ፎቶዋ ደብተሩ ላይ አለ። «ባሌ ፈርሟል» ማለት የመሬቱ አንዱ ባለቤት ፈርሟል ማለት ነው፣ ሌላዋ ገና ናት። ጸሐፊው ሚስት ስለሌለው ይሆን? ቀልዴን ነው።

ውርሱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁለት ነገር ብቻ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ አንተ የሟቹ ወራሽ መሆንህን ነው የሚናገረው፣ መሬቱ የሟቹ መሆኑን አይናገርም፣ ለሱ ያው መዝገቡ ነው። ሁለተኛው፣ የገጠር መሬት እንደ ፍሪጅ አይወረስም። ለብዙ ዓመት የሠራው የ1997ቱ አዋጅ 456 መሬቱ በውርስ የሚተላለፈው ለቤተሰብ አባል ነው ሲል የቤተሰብ አባል ብሎ የፈታው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው፣ ልጅን በደፈናው አይደለም። ያ አዋጅ በ2016 በአዋጅ 1324 ተተክቷል፣ አማራ ክልልም የራሱ አዋጅ 252 አለው፣ ስለዚህ አባት መቼ አረፉ፣ ያኔ የትኛው ሕግ ነበር፣ ቦታው ላይ ማን ቀረ የሚለው ሁሉ ይታያል። ቦሌ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅና አባቱን ጧሪ ሆኖ ሲያርስ የኖረ ወንድሙ እኩል ቆመው አይጀምሩም። መሬቱ ላይ ያለው ቤትና ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ የግል ንብረት ነው፣ ለየብቻ ጠይቁ። አንዲት ነገር ደግሞ፣ «አባቴ በሕይወት እያሉ ውክልና ሰጥተውኛል» ለምትሉ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያልቃል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይሄን ስነግረው ፊቱ ይለዋወጣል።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ ለማጣራት ብቻ ለደላላ ብር መክፈል ሞኝነት ነው። ራስህ ሂድ። ለእኔ ለራሴም አትክፈል፣ ጊዜ ካለህ።

የመጨረሻው «ጎረቤትና ሽማግሌ መጠየቅ የድሮ ሰው ጣጣ ነው» የሚለው ነው። ይሄኛው የእናቴ ወንድም መሬት ላይ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ሁለተኛ ደረጃው ምዝገባ ሲሠራ የማሳው ካርታ ለሕዝብ ተለጥፎ ሰው እንዲያየውና እንዲያርም ጊዜ ይሰጣል። ያ ሳምንት አጎቴ ታመው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነበሩ፣ አላዩትም። ከዓመታት በኋላ አዲሱን ወረቀት ይዤ ማሳው ላይ ስንቆም ወረቀቱ ላይ ያለው መሥመር ከግራሩ በላይ ነው፣ የድንበር ድንጋዩ ግን ከግራሩ በታች አሥር እርምጃ ላይ ተተክሏል። ወረቀቱን ለብቻው ያየ ሰው ምንም አይታየውም፣ ስፋቱም ያን ያህል አልተለየም፣ ከላይ የተቆረጠው ከጎን ተጨምሯል። ይሄን ያየው ካርታ አይደለም፣ ማንበብ የማይችሉ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው፣ ከሩቅ ሆነው «ግራሩ እኮ የናንተ ነው፣ የእናትህ አባት ጥላው ሥር ነበር የሚወቁት» አሉኝ።

ለማረም ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ማመልከቻ፣ የቀበሌ ኮሚቴ፣ ከዚያ አዋሳኞቹ ሁሉ መጥተው መፈረም ነበረባቸው፣ አንዷ ጠላ ጠምቀው ስለነበር «ዛሬ አልመጣም» ብለው ቀን አራዘሙብን፣ ወረዳውም መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ቁጭ ብለን ተመለስን። በሦስተኛው ተስተካክሎ ታተመ። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብለው ለወረዳው ልጅ መልሰው ሰጡትና «በል አዋሳኞቹን አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ማንበብ ጀመረ፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን እገሌ ሲል አስቆሙት።

«እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አሁንም አዋሳኜ ነው?»

«ልጁ አላስመዘገበማ አባባ፣ እኛ ምን እናድርግ።»

«ልጁ የት ነው ያለው?» አልኩ እኔ።

«አዲስ አበባ ነው አሉ» አለ የወረዳው ልጅ። የሟቹ ልጅ ጽሑፉን አንብቦት ይሆናል።